በጨረራ የተበከለ ብረት፦ ከቃሊቲ እስከ ዱከም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቃሊቲ፣ በገላንና በዱከም የብረት መጋዘኖች፣ ጋራዦችና ብየዳ ቤቶች ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ ጽፌዋለሁ። «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ብረት «ጨረራ አለበት» ሲባል ምን ማለት ነው?

በርበሬ ሲወቀጥ አጠገቡ የቆመ ሰው ያስነጥሰዋል። ወጣ ካለ ይተወዋል። በርበሬ የነካ እጅ ግን ሌላ ነገር ነው። የትም ይሂድ፣ ዓይኑን ባሸ ቁጥር ያቃጥለዋል። ጨረራም እንዲሁ ነው። ራጅ የተነሳ ሰው ከክፍሉ ሲወጣ ራሱ ጨረር አይረጭም። የተበከለ ብረት ግን በርበሬ እንደነካ እጅ ነው። ጨረር የሚረጭ ብናኝ ላዩ ላይ ተቀምጧል። ብረቱ በሄደበት ይሄዳል፤ የነካውም ሰው ይዞት ይሄዳል።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ። የኒውክሌር ሪአክተር እምብርት አጠገብ ለዓመታት የቆየ ብረት ውስጡ ይለወጣል። ኒውትሮን የሚባሉ ቅንጣቶች ዘልቀው ይገቡና ብረቱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ኮባልት ጨረር ወደሚረጨው ኮባልት-60 ይለውጧታል። ይሄኛውን አጥቦ ማስለቀቅ አይቻልም። ቆሻሻው ብረቱ ራሱ ሆኗል።

እኛ አገር የኒውክሌር ጣቢያ የለም። ታዲያ ይሄ ምን ያገባናል?

ጣቢያ የለንም፣ እውነት ነው። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተቋቋመበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ከሩሲያ ጋር የኒውክሌር ጣቢያን የሚመለከት የሥራ ዕቅድ የተፈራረመችው ግን ገና በመስከረም 2018 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቶብኛል።

ጨረራ ግን ከጣቢያ ብቻ አይመጣም። እዚሁ ቃሊቲ ውስጥ የቆላ ዝንብ ማራቢያና ማምከኛ ማዕከል አለ፤ ወንዱ ዝንብ እንዳይወልድ የሚደረገው በኮባልት-60 ጨረር ነው። ጥቁር አንበሳም በኮባልት ካንሰር ሲታከምበት ኖሯል። እነዚህ ባለቤትና ጠባቂ አላቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ትንንሹ ዕቃ ነው። መንገድ ሥራ ላይ የአፈሩን ጥቅጠቃ የሚለካው መሣሪያ ውስጥ ጨረር የሚረጭ ሲዚየም-137 አለ። የቧንቧ ብየዳ በጨረር የሚመረመርበት ካሜራ ውስጥ ኢሪዲየም-192 አለ። ፋብሪካ ውስጥም የጋን ወይም የማጠራቀሚያ ደረጃ የሚለካ ተመሳሳይ ዕቃ ይኖራል። ድርጅት ሲዘጋ፣ ዕቃው በጨረታ ሲወጣ፣ ምልክቱ ሲላጥ፣ ያ ዕቃ ከቆራሌው ጆንያ ወደ ሚዛን ሊወጣ ይችላል። መሸፈኛው ብዙ ጊዜ እርሳስ ስለሆነ ደግሞ ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ከሚዛን ቀጥሎ ያለው ምድጃ ነው፤ ምድጃው ደግሞ ሩቅ አይደለም።

አይቼ፣ አሽትቼ ወይም በማግኔት ላውቀው እችላለሁ?

አይቻልም። ጨረራ ሽታ የለውም፣ ማግኔትም አያውቀውም። የሚታወቀው በመሣሪያ ብቻ ነው። ዓይን የሚጠቅመው ዕቃውን ለመጠርጠር ነው፦ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ፣ ወፍራም እርሳስ የለበሰ፣ በጠንካራ ቡሎን የታሸገ፣ ሦስት ክንፍ ያለው ምልክት ያለበት። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ሌላ ምልክት ተጨምሯል። ቀይ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ውስጡ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው አለ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ እንዲገባው ታስቦ የተሠራ ነው። ልጆቻችሁ ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ባለፈው ክረምት ገላን አካባቢ አንድ መጋዘን ጠሩኝ። ሚዛኑ ላይ መካከለኛ ድስት የምታክል ክብ ብረት ተቀምጣለች። ሁለት ጎረምሶች ተጋግዘው ነው ያወጧት። ቀለሟ ተልጦ ትንሽ ቢጫ ቀርቷል። ግራይንደሩ አጠገቧ ተዘጋጅቷል፤ ግን ማንም አልነካትም። የመጋዘኑ ሰውዬ «ክብደቷ አላማረኝም» አሉኝ። የጨረራ መለኪያ መሣሪያዬን በር ላይ አበራሁና ቀስ እያልኩ ቀረብኩ። ቲክ… ቲክ… ቲክ። ሚዛኑ ጋ ስደርስም ያው ነው። እርሳስ ብቻ ነበረች። ሰውዬው በከንቱ አስቸገርኩህ ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔ ግን እንደሳቸው ዓይነት ሰው በየመጋዘኑ ቢኖር እላለሁ።

በነገራችን ላይ መሣሪያው ሁሌም ቲክ ይላል። አፈሩም፣ ድንጋዩም፣ ሰማዩም ትንሽ ጨረራ አላቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከሰማይ የሚመጣው ከቆላው ይበዛል። የሚያስፈራው ቲክ ማለቱ አይደለም፤ ወደ ዕቃው ስትጠጉ ቲክታው መፍጠኑ ነው።

ጣቢያ ውስጥ ጨረራው ብረት ላይ የሚጣበቀው እንዴት ነው?

ጀበናን አስቡ። ውጭው ላይ ያለው አመድ በጨርቅ ይጠረጋል። ውስጡ ላይ ቡናው ዓመት ሙሉ እየፈላ የጋገረው ጥቁር ልባጭ ግን በጨርቅ አይለቅም። ከልባጩ ሥር ደግሞ ሸክላው ራሱ ቡና ጠጥቷል።

የሪአክተር ቧንቧም እንደዚያው ነው። 300 ዲግሪ የሚጠጋ ውሃ ለአሥርት ዓመታት ይመላለስበታል። ውሃው ከቧንቧውና ከቫልቮቹ ጥቂት ጥቂት ብረት፣ ኒኬልና ኮባልት ይፍቃል። የተፋቀው በሪአክተሩ እምብርት ሲያልፍ ጨረር አመንጪ ይሆናል። ከዚያ ተመልሶ ቧንቧው ውስጥ ከዝገቱ ልባጭ ጋር ይጋገራል። ልባጩ ከፀጉር የሚቀጥን ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛው ጨረራ ግን ያለው እሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ የጽዳት ሠራተኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ላዩ ላይ ነው? ልባጩ ውስጥ ነው? ወይስ ብረቱ ራሱ ነው?» ብሎ ነው። የሚለየውም ቀላል በሆነ ዘዴ ነው። ክብ ቁራጭ ወረቀት ወይም ጨርቅ ይዞ የተወሰነ ስፋት ይጠርጋል፣ ከዚያ ወረቀቱን ይለካል። ወረቀቱ ላይ ከወጣ ልቅ ነው። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ መሣሪያው ብረቱ ላይ አሁንም የሚጮህ ከሆነ ተጣብቋል፣ ወይም ብረቱ ራሱ ሆኗል።

ታዲያ እንዴት ያጸዱታል?

ከቀላሉ ይጀምራሉ። መጀመሪያ ብናኝ በሚይዝ ማጣሪያ ይመጠጣል፣ በእርጥብ ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይጠረጋል። ወዲያና ወዲህ ማሸት የለም፤ የተነሳውን መልሶ ይቀባዋል። ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው ይሄዳሉ፣ ከላይ ወደ ታች። ጨርቁ አንድ ጊዜ ካለፈ ይታጠፋል፣ ከዚያ ይጣላል። ሌላው ዘዴ እንደ ቀለም የሚቀባ ፈሳሽ ነው። ሲደርቅ እንደ ላስቲክ ይሆናል፤ ሲላጥ ብናኙን ይዞ ይወጣል። ይሄን ዘዴ እወደዋለሁ፤ እጣቢ የለውም።

ለተጣበቀው ኬሚካል ይገባል። ለሪአክተር ቧንቧ በሰፊው የሚሠራበት መንገድ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ፐርማንጋኔት የልባጩን ክሮሚየም ያሟሟል፤ ቀጥሎ ኦክሳሊክ አሲድ የብረቱን ዝገት ይበላል። ይሄ ብዙ ዙር ይደጋገማል። ለትንንሽ ዕቃ ኤሌክትሪክ ይጠቀማሉ። ብረቱ ፎስፎሪክ አሲድ ውስጥ ተነክሮ ኃይል ይለቀቅበታል፣ ላዩም በቀጭኑ ይሟሟል፤ የኒኬል ቅብ የሚሠሩ ልጆች ሥራ ተገልብጦ ማለት ነው። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ሮኪ ፍላትስ የሚባል የኒውክሌር ቦምብ ክፍሎች ፋብሪካ ነበር። ፕሉቶኒየም የነካቸውን የብረት ሳጥኖች በሴሪየም ናይትሬት አጠቡ። ዓላማው ብረቱን ማዳን አልነበረም፤ ቆሻሻነቱ ዝቅ ባለ ደረጃ እንዲመደብና እንዲጓጓዝ ነው። የቦታው ጽዳት እ.ኤ.አ. በ2005 አለቀ።

ከዚህ ሌላ መፋቅ አለ፦ በብረት ፍንጣሪ፣ በከፍተኛ ግፊት ውሃ፣ በደረቅ በረዶ፣ በሌዘርም። እና አንድ ማንም የማይቆጥረው ዘዴ አለ፤ መጠበቅ። ኮባልት-60 በየ5.3 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። 53 ዓመት ከቆየ አንድ ሺሕኛ ገደማ ይቀረዋል። ሲዚየም-137 ግን ግማሽ ለመሆን 30 ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ አንዳንዱን ብረት አጥሮ ማስቀመጥ ከማጠብ ይሻላል። ይሄ ስንፍና አይደለም፤ ሠራተኛውን ከጨረራ ማዳን ነው።

በረኪና፣ ኦሞ ወይም ሎሚ አይጠቅምም?

በረኪና ጀርም ይገድላል። ጨረራ ግን ጀርም አይደለም፣ አይሞትም። ይባስ ብሎ በረኪና ብረቱን ያዝገዋል፤ ዝገት ደግሞ ብናኝ ያቅፋል። ኦሞና ለብ ያለ ውሃ ልቅ ብናኝ ያነሳሉ፣ ለቆዳ የሚመከረውም ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ነው። ሎሚ ግን ቀልድ አይደለም። ሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ በኒውክሌር ጽዳት ላይ በእርግጥ ይሠራበታል፤ የብረት ቅንጣቶችን ይዞ ያስለቅቃል። ይሄን ያነበበ ሰው ግን ግቢው ውስጥ ሎሚ ጨምቆ እንዳይጀምር። እጣቢውን የት ሊደፋው ነው?

እጣቢውስ የት ይሄዳል?

ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው። ጨረራ ታጥቦ አይጠፋም፤ ቦታ ይቀይራል። ብረቱ ሲነጻ ጨርቁ ይቆሽሻል፣ ውሃው ይቆሽሻል፣ ጓንቱ ይቆሽሻል። ጣቢያ ውስጥ ውሃው ቆሻሻውን መርጦ በሚይዝ ሬዚን ይጣራል፣ ወይም ተንኖ ዝቃጩ ይቀራል። ዝቃጩና ሬዚኑ ከሲሚንቶ ጋር ተቦክቶ በርሜል ውስጥ ይታሸጋል፣ ይመዘገባል፣ ለብዙ ዓመት ይጠበቃል። ጥሩ ጽዳት ማለት ብዙ ብረት አጽድቶ ጥቂት በርሜል ማትረፍ ነው።

መጥፎውን ለማየት ብራዚል ጎያኒያን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1987 ሁለት ሰዎች ከተዘጋ ክሊኒክ የካንሰር ማከሚያ ማሽን ነቅለው ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡ። ውስጡ 93 ግራም ሲዚየም ክሎራይድ ነበር። ጨለማ ውስጥ ሰማያዊ ያበራ ነበርና ዘመድና ጎረቤት ተጠርቶ አየው፣ ነካው፣ ተካፈለው። የ6 ዓመት ሕፃን ጨምሮ 4 ሰዎች ሞቱ። 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ። ከጽዳቱ የወጣው ቆሻሻ 3,500 ሜትር ኩብ ሆነ። 93 ግራም ከሁለት ሲኒ ስኳር አይበልጥም። 3,500 ሜትር ኩብ ግን በ16 ሜትር ኩብ ሲኖትራክ ከ200 ጉዞ በላይ ነው። በጎማ ውሃ ረጭቶ ማጠብ ማለት ይሄንኑ ማስፋት ነው። እኛ ጋ ቢሆን የሚሄደው ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ አቃቂ ወንዝ ነው። ከወንዙ በታች ጎመን የሚያጠጡ ሰዎች አሉ።

ምድጃ ገብቶ ቢቀልጥ እሳቱ አያጠፋውም?

አያጠፋውም። እሳት ጨረራን አይነካም። ማቅለጥ የሚያደርገው መበተን ነው፤ የት እንደሚበተን ደግሞ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ኮባልት ከብረቱ ጋር ይዋሐዳል፣ ፌሮው ውስጥ ይገባል። ሲዚየም ይተንና የጭስ ማጣሪያው አቧራ ላይ ያርፋል። አሜሪሲየም የሚባለው ሌላ ጨረር አመንጪ ደግሞ ከላይ ከሚንሳፈፈው ስላግ ጋር ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1983 ሜክሲኮ ሁዋሬዝ ውስጥ የኮባልት-60 ማከሚያ ማሽን ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። 6,000 የሚሆኑ ደቃቅ ፍሬዎች ነበሩበት። ብረቱ ቀልጦ ፌሮና የጠረጴዛ እግር ሆነ። ማንም አላወቀም። በጥር 1984 ፌሮ የጫነ መኪና መንገድ ስቶ በአሜሪካ የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ በር ሲያልፍ የበሩ መሣሪያ ጮኸ፤ የታወቀው በዚህ ዕድል ነው። በኋላ ከ800 በላይ ቤቶች በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ፈረሱ። በ1998 ደግሞ ደቡብ ስፔን አንድ የብረት ፋብሪካ ሲዚየም አቀለጠ። ጭሱ ፈረንሳይ፣ ስዊዘርላንድ፣ ጀርመንና ጣሊያን ድረስ በመሣሪያ ተለካ።

ጣቢያዎች ግን ሆን ብለውም ያቀልጣሉ። ስዊድን ስቱድስቪክ ውስጥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተበከለ ብረት ይቀልጣል። እዚያ ግን ምን እንደገባ አስቀድሞ ተለክቷል፣ ማጣሪያው ታስቦበታል፣ ስላጉ ተለይቶ ይቀመጣል። ልዩነቱ እሳቱ ላይ አይደለም፤ የሚገባውን ማወቁ ላይ ነው። በኔ እምነት እያንዳንዱ ብረት የሚያቀልጥ ፋብሪካ በሩ ላይ የጨረራ መለኪያ ሊኖረው ይገባል። የአንድ ምድጃ ጽዳት ከስንት የበር መለኪያ ይበልጣል!

«ጸድቷል፣ ይሸጥ» የሚባለው መቼ ነው?

በቁጥር ነው። ዓለም አቀፉ መመሪያ ብዛት ላለው ዕቃ፣ ለኮባልት-60ም ለሲዚየም-137ም የሚያስቀምጠው ጣሪያ በአንድ ግራም 0.1 ቤኬሬል ነው። ቤኬሬል ማለት በሰከንድ አንድ ፍንጣቂ ነው። ይሄ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለማየት የራሳችሁን ሰውነት ውሰዱ። ከምግብ የሚገባው ተፈጥሯዊ ፖታሲየም ብቻ በአንድ ግራም ሰውነት 0.06 ቤኬሬል ገደማ ይሆናል። ዓይነቱ ስለሚለያይ በቀጥታ አይነጻጸርም፤ መጠኑን ግን ያሳያል።

ፍጹም ንጹሕ ብረት ለሚፈልጉ ስስ መለኪያዎች ከ1945 በፊት የተሠራ ብረት ይፈለግ ነበር። ከዚያ በኋላ የተሠራው የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎችን ርዝራዥ ከአየር ይዟልና። ስኮትላንድ ስካፓ ፍሎ ውስጥ በ1919 ከሰመጡት የጀርመን መርከቦች ብረት እየተቆረጠ ለዚህ ውሏል። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው የባቡር ሐዲድ የዚያው ዘመን ብረት ነው። አቃቂ ጋ ቁራጩን ባየሁ ቁጥር ይሄ ትዝ ይለኛል።

ከጃፓን የመጣ ያገለገለ መኪናስ?

ከፉኩሺማው የኒውክሌር ጣቢያ አደጋ፣ ከ2011 በኋላ ይሄ ጥያቄ ትክክል ነበር። ብናኝ የያዙ መኪኖች ተገኝተው ያውቃሉ። ከተያዘ የሚይዘው አየር ማጣሪያው፣ ራዲያተሩ፣ የጎማው ጉያና የወለሉ ምንጣፍ ነው። አሁን ዓመታት አልፈዋል፤ ሲዚየም-134 በየ2 ዓመቱ ስለሚከፈል አልቋል ማለት ይቻላል። እኔ ለዚህ እንቅልፍ አላጣም።

ሳላውቅ ቆርጬ ወይም ነክቼ ከሆነስ?

ሥራውን አቁሙ፣ ከቦታው ራቁ፣ ሌላውንም አርቁ። የላይ ልብስ ቀስ ብሎ ሳይራገፍ ይወልቅ፤ አብዛኛው ብናኝ ያለው እሱ ላይ ነው። ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ለብቻው አኑሩት። እጅና ፊት በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ይታጠብ፣ ቆዳ እስኪላጥ አይፈተግ። እስከዚያ መብላት፣ ማጨስ፣ ጫት መቃም የለም። ወደ ቤትም አትሂዱ፤ ልጅ ሮጦ ያቅፋል።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ከባድ ብረት ቆርጬ ነበር» ብላችሁ ቃል በቃል ንገሩ። ማቅለሽለሽና ማስመለስ ሊመጣ ይችላል፤ የእጅ ቃጠሎው ግን ከቀናት በኋላ ነው የሚወጣው። ጎያኒያ ላይ የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች ምግብ ስላልተስማማቸው ነው ተብለው ነበር። ሐኪሙ ካልተነገረው ከየት ያምጣው?

ገንዘብ ከፍዬበታለሁ። ብናገር ይወስዱብኛል፣ ይከሱኛልም። ምን ላድርግ?

ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው፣ የሚጠይቁትም ታማኝ ሰዎች ናቸው። የአንድ ቆራሌ የቀን ገቢ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ «ሕሊናህን ጠይቅ» ብቻ ብሎ መሄድ አይገባም። ያገኘውን ለተናገረ ሰው ኪሳራው ሊካስለት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ቅጣት ያለበት ቦታ ዕቃው በሌሊት ይቆረጣል።

ቢሆንም ዛሬ ምን ላድርግ ለሚለኝ መልሴ አንድ ነው። አይቆረጥ፣ አይሸጥ፣ አይጣል። ባለበት ትታችሁ ገመድ ዘርጉበት፤ ራቅ ስትሉ ጨረሩ ቶሎ ይደክማል፣ እጥፍ ከራቃችሁ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ለፖሊስና ብዙ ሰው በድሮ ስሙ ጨረራ መከላከያ ለሚለው መሥሪያ ቤት አሳውቁ። ማን እንደሸጠላችሁ፣ በየት በኩል እንደመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉ፤ ሁለተኛ ዕቃ ሊኖር ይችላልና። የጫነውንም መኪና አትርሱ። ሁዋሬዝ ላይ ፍሬዎቹ የፈሰሱበት ፒካፕ ሰፈር ውስጥ ለሳምንታት ቆሞ ነበር፤ ልጆች ይጫወቱበት ነበር። መርማሪዎቹ ሲመጡ መኪናውን፣ የሚዛኑን ሰሌዳ፣ ጆንያውንና ያወረዱትን ልጆች ጓንት ጭምር አስለኩ።